ሚስተር ቶማስ ያስተማሩን የወቀሳ ቃላት

ለሠርግ ነበር ሞጣ የሄድኩት። መንገዱ ሰላም ነው የተባለበት ሳምንት ስለሆነ፣ ነገ የሚመጣው አይታወቅም ብዬ ከቢቸና በጠዋቱ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ሠርጉ በደስታ አለፈ፤ ጉልበቴን እያመመኝም ቢሆን ጨፈርኩ። በማግስቱ ወደ አገሬ ልመለስ መናኸሪያ ቆሜ ሳለሁ ከባሕር ዳሩ ሚኒባስ አጠገብ ጭቅጭቅ ተነሣ። ኮት የለበሱ፣ ነጭ ቆብ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ ተራ አስከባሪውን በጣታቸው እየጠቆሙ፣ ሰውን እንደ ጤፍ ጆንያ ደራርበህ ልትጭን ነው ወይ እያሉ ይቆጣሉ። በአማርኛ ጀመሩ። አማርኛው አልበቃ ያላቸው ይመስል ድንገት ቀና አሉና በእንግሊዝኛ ጮኹ፤ "ዚስ ኢዝ አቦሚነብል!"

እኔ ጡረታ የወጣሁ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። በእንግሊዝኛ የሚሳደብ ሰው ብርቅ አይሆንብኝም። ይህችን ቃል ግን በዚህ አገር ከእኔና ከአስተማሪዬ ከሚስተር ቶማስ በቀር ከሰው አፍ ሰምቻት አላውቅም። ሻንጣዬን ጥዬ ወደ ሰውዬው ሄድኩ።

"ይቅርታ ጋሼ፣ ይህችን ቃል ከየት አገኟት?"

ቁጣቸው ሳይበርድ ዞረው አዩኝ። "ምን ያደርግልዎታል? ከአንዲት የቢቸና ልጅ ነው የተማርኳት። ገና ጢም ሳላወጣ።"

"የማን ልጅ ነበረች?"

"የመሪጌታ ልጅ ናት ሲሉ ሰምቻለሁ። ቀጭን፣ ጠይም፣ ስትናገር እጇ የሚንቀጠቀጥ..." አሉና ዓይናቸው እጄ ላይ ቀረ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር። "ጥሩሰው!" አሉ።

"ሰይድ!" አልኩ።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! በዚያች ቅጽበት ጉልበቴም ሽበቴም የት እንደገቡ አላውቅም። መናኸሪያው መካከል ሁለት ሽማግሌዎች እየተሳሳቅን፣ አንዳችን የሌላውን ትከሻ እየመታን ቆምን፤ ተራ አስከባሪው ወቀሳው ይቅርና ሰውየው ራሳቸው ምን ነካቸው ብሎ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሰይድ እጄን ይዞ ጎትቶ ሻይ ቤት አስገባኝ። ሻይ አዘዘ። ቢቀርብም ማን ይጠጣዋል? አውቶቡሴም ጥላኝ ሄደች፤ እሰይ አልኩ።

ሰይድንና እኔን ያገናኘን አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። ያንን ከሰዓት ለመንገር ግን ስለ ቢቸና፣ ስለ ጓደኛዬ ስለ ይታይሽ፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ስለ ሚስተር ቶማስ መናገር ይኖርብኛል።

ያኔ ቢቸና ሻይ በአሥር ሳንቲም ነበር፤ ፓስቲ ለሚጨምር አሥራ አምስት። ወንዶቹ ከጉልበት በታች እንደ ደወል የሚሰፋ ሱሪ ይለብሳሉ፣ ጎፈሬያቸው ላይ ሚዶ ይሰካሉ። እኛ ሴቶቹ ከካኪው ዩኒፎርም በላይ እናቶቻችን የሠሩልንን ሹራብ እንደርባለን፤ ቀለሙ ከዩኒፎርሙ ጋር ሲጣላ የሚታየን ግን አልነበረም። ከትምህርት ቤት ወደ ከብት ተራ የሚወርደው መንገድ ጥግ ላይ የልብስ ሰፊዎች በረንዳ ነበረ። ከአጠገቡ ካለው ሻይ ቤት ራዲዮ አንድ የፍቅር ዘፈን ይለቀቃል፣ የስንጀር ሞተሮቹ ከዘፈኑ እኩል ይንጫጫሉ። ዘፈኑን ዛሬም አንጎራጉረዋለሁ፤ የዘፋኙ ስም ግን ጠፍቶኛል። ዛሬ በዚያ ጥግ ባጃጆች ተሰልፈው ይቆማሉ፤ ሳልፍ ሁሉ አንዱ ጥሩምባውን ሲያስጮህብኝ የስንጀሩ ድምፅ ነው የሚመጣብኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያው ከየአገሩ እህልና ከብት እየነዳ በሚመጣ ሰው ሲሞላ፣ የገጠር ልጆች ወላጆቻቸው ስንቅ ይዘው ሲመጡ ለመገናኘት ይሮጣሉ። ብዙዎቹ ጠባብ ክፍል ተከራይተው፣ የሳምንቱን ድርቆሽ እየበሉ የሚማሩ ነበሩ። ይታይሽ አንዷ ነበረች።

ሚስተር ቶማስ ከህንድ አገር ነበር የመጡት። መጀመሪያ ቀን ራሳቸውን ሲያስተዋውቁ አገሬ ባሕር ዳር ነው ማለታቸው ስለገባን፣ የኛን ባሕር ዳር መስሎን፣ እንዲህ ዓይነት ሰው እዚያ አለ የለም እያልን አንድ ሳምንት ተከራክረናል። ቀጭን ናቸው። ሱሪያቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው፣ በበጋም ጃንጥላ ይይዛሉ፣ ከኛ ይልቅ በርበሬ ይወዳሉ። አውቶቡስ ከአዲስ አበባ አሮጌ የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ሲያመጣላቸው ክፍል ይዘውት ይገባሉ። የሚያነቡልን ዜናውን አይደለም፤ አንድ ነገር ተበላሸ ብሎ ጸሐፊው የሚቆጣበትን ገጽ ነው። እያነበቡ እሳቸውም ይቆጣሉ። ቅንድባቸው ይነሣል፣ ጃንጥላቸው ወለሉን ይመታል፣ "ዲፕሎረብል!" ይላሉ። እኛ በደስታ እንሞታለን።

አንድ ቀን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ደረጃ ሠሩ። ከታች "ባድ" ብለው ጻፉ፤ መጥፎ። ከፍ ብሎ "ሼምፉል"፤ የሚያሳፍር። ከዚያ "ዲስግሬስፉል"፤ ክብርን የሚያጎድፍ። "ዲፕሎረብል"፤ ሰው ሊያዝንበት የሚገባ። "አውትሬጅየስ"፤ ከልክ ያለፈ፣ ደም የሚያፈላ። ከሁሉ በላይ፣ ጠመኔው እስኪሰበር ተጭነው፣ "አቦሚነብል" አሉ። ሰውም እግዜርም የሚጸየፈው። ከደረጃው ጎን ደግሞ ግሶቹን ደረደሩ፤ ብሌም፣ ዲናውንስ፣ ኮንደም። የመጨረሻዋን ቃል፣ ማውገዝ ማለት ናት፣ እኔ ራሴ በማስተምርበት ዘመን ክፍል ውስጥ ስጠራት ልጆቹ ሌላ ነገር መስሏቸው ጠረጴዛ ሥር እየገቡ ይስቁ ነበር። ያኔ ግን ማንም አልሳቀም። ቃሏ ከሚስተር ቶማስ አፍ ስትወጣ እንደ ፍርድ ቤት መዶሻ ነበረች።

ከዚያ ወዲያ እኛን ማን ይቻለን! ፓስቲው ዲስግሬስፉል ነው። የሒሳብ ፈተናው አውትሬጅየስ ነው። በእግር ኳስ ደብረ ወርቅ ሲያሸንፈን ዳኛውን ዲናውንስ አደረግነው። አንድ ቀን እኔ በሻይ ሰዓት የሻይ ቤቱን ሻይ "አቦሚነብል" ስለው ሚስተር ቶማስ ከኋላዬ ቆመው ሰሙኝ።

"ሻዩን ያንን ካልሽው፣ እውነተኛ ክፉ ነገር ያየሽ ቀን ምን ልትይው ነው?" አሉኝ። በእንግሊዝኛ ነው የሚያወሩን፤ እኔ ወደ አማርኛ መለስኩት። "የላይኛው ደረጃ ላይ በዕድሜሽ አንዴ ብቻ ወጥተሽ ብትወርጂ ይበቃል።"

እውነተኛው ክፉ ነገር ብዙ አልቆየም፤ መጣ። ይታይሽ የመርጡለ ማርያም አገር ልጅ ናት። ያኔ አገሯ ሁለተኛ ደረጃ ስላልነበረ ቢቸና ድረስ ተልካ የምትማር። ሳቂታ፣ ጎበዝ፣ በሳይንስ ማንም የማይደርስባት። የዲሲፕሊን ኃላፊ የነበሩት ምክትል ዳይሬክተር ከተማ ውስጥ ዘመድ የሌላቸውን የገጠር ሴት ልጆች እየመረጡ ቤታቸው ውሃ ያስቀዱ ነበር። መጀመሪያ ቅዳሜ ብቻ ነበር፤ ኋላ በትምህርት ሰዓትም ሆነ። ማሰሮውን ተሸክማ የምታረፍድ ልጅ ደግሞ "ለምን አረፈድሽ" ተብላ እሳቸው ዘንድ ትቀርባለች! ይታይሽ የፈተና ሰሞን "ዛሬ አልቀዳም፣ ላጥና" አለቻቸው። ይኸው ነው ያለችው። በማግስቱ ስሟ ተሰረዘ። ባለጌ ናት ተባለ። ልብሷን ቋጥራ፣ እያለቀሰች፣ ከገበያተኛ ጋር ወደ አገሯ ገባች። ታላቅ ወንድሟ፣ ትምህርቱ እንግዲህ ይብቃት፣ ለባል ትሰጥ ማለቱን ከገበያ የመጣ ሰው ነገረን።

ለማን እንናገር? የክፍላችን ኃላፊ ዘንድ ሄድን፤ "ተዉ፣ እናንተም እንዳትከተሏት" አሉን። አባቴ ዘንድ ሄድኩ። አባቴ የቅኔ መምህር ናቸው። ቁጣቸውን እንኳ በሰም ለብጠው ነው የሚያወጡት።

"ተይው፣ እኔ እነግረዋለሁ" አሉኝ። በአንድ ክርስትና ድግስ ላይ ምክትል ዳይሬክተሩ በተቀመጡበት፣ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ምንጩ ራሷን ስለጠጣት ልጅ ቅኔ ተቀኙ። ወርቁ እንደ ፀሐይ ግልጥ ነበር። ምክትል ዳይሬክተሩ አጨበጨቡ። "ግሩም ነው መሪጌታ! ይድገሙልን!" አሉ። አባቴ ተናደው ምሳቸውን ሳይጨርሱ መጡ።

እኔ ደግሞ በአማርኛ ፊት ለፊት ልናገር ብል ገና አፌን ስከፍት ይጠፋኛል። "አሳፋሪ ነዎት" ይባላል? "እርስዎ" ብዬ እጅ ነሥቼ እንዴት ላውግዝ? "አንተ" ካልኩ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ይቀርና ባለጌዋ እኔ እሆናለሁ። አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ይህን ሳሰላስል አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። እንግሊዝኛ "ዩ" ብቻ ነው ያለው! አንተም "ዩ"፣ እርስዎም "ዩ"። ለሕፃኑም ለሹሙም አንድ ነው። ተነሥቼ ቁጭ አልኩ።

በዚያው ሰሞን ከሞጣ ትምህርት ቤት ጋር የእንግሊዝኛ ክርክር ተዘጋጀ። ርዕሱ የገጠር ኑሮ ይሻላል ወይስ የከተማ የሚል፣ መቼም ያልተከራከረበት ተማሪ የለም። ለኛ ገጠር ደረሰን፣ ለሞጣ ከተማ። ስለ ንጹሕ አየርና ስለ ትኩስ ወተት ያማረ ንግግር አዘጋጀሁ፤ ሚስተር ቶማስም አረሙልኝ። በቀኑ የሞጣ ልጆች በጭነት መኪና ላይ ሆነው እየዘፈኑ ከተማችን ገቡ። አቧራ ለብሰው ቅንድባቸው ሳይቀር ነጥቷል። ከመካከላቸው አንዱ፣ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ መሆኑ ከሸሚዙ የሚታወቅ፣ ከመኪናው እንደወረደ መጀመሪያ ሸሚዙን አራገፈ፣ ከዚያ "ተከራካሪዋ የትኛዋ ናት?" አለ። ሰይድ ነበር።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ወላጆች፣ ልጆቻቸው ዘንድ የመጡ የገጠር እናቶች፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ ነጋዴዎች፣ ከደብረ ማርቆስ በክብር እንግድነት የመጡ አንድ ሽበታም ሹም፣ አጠገባቸው ደግሞ ጫማቸው የሚያብለጨልጭ ምክትል ዳይሬክተሩ። አባቴ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጠዋል። እንግሊዝኛ የሚሰማው ሰው ከአስተማሪዎቹና ከተከራካሪዎቹ አያልፍም፤ ሕዝቡ የመጣው ልጆቹ የፈረንጅ አፍ ሲያወሩ ለማየት ነው።

ስለ አየሩ ተናገርኩ፣ ስለ ወተቱ ተናገርኩ፤ ተጨበጨበ። ከዚያ የሚያብለጨልጨውን ጫማ አየሁ። ይታይሽ ባዶ ማሰሮ ተሸክማ ስታዘግም ታየችኝ። እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያልተዘጋጀሁበት ነገር ከአፌ ወጣ። በገጠር፣ አልኩ፣ ልጅ ውሃ ስትቀዳ እናቷ ትጠጣለች። በከተማ ግን ሴት ልጅ ደብተሯን አስቀምጣ የምትቀዳውን ውሃ ሊያስተምራት የተሾመ ሰው ይጠጣዋል። አልቀዳም ያለች ቀን ደግሞ ስሟን ይሰርዛል። ስሟ ይታይሽ ነው። ወደ ምክትል ዳይሬክተሩ ዞርኩ። "ሰር፣ ዚስ ኢዝ ሼምፉል። ኢት ኢዝ ዲስግሬስፉል። ኢት ኢዝ አውትሬጅየስ።" ደረጃውን እየወጣሁ እንደነበር የገባኝ ከላይ ስደርስ ነው። "ዋት ዩ ዲድ ኢዝ አቦሚነብል። አይ ኮንደም ዩ!"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ! ምን እንዳልኩ ማን አውቆ? ድምፄ ስለጮኸ፣ እንግሊዝኛው እንደ ጅረት ስለወረደ ነው። አባቴ ሳይቀሩ በኩራት ያጨበጭባሉ። የማያጨበጭቡት ምክትል ዳይሬክተሩ ብቻ ነበሩ፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። ሚስተር ቶማስ ጃንጥላቸውን ጨብጠው እንደ ሐውልት ቆመዋል።

የክብር እንግዳው ወደ ምክትል ዳይሬክተሩ ዘንበል አሉ። "ልጅቱ ምን አለች? ተቆጥታለች መሰለኝ።"

ምክትል ዳይሬክተሩ ላባቸውን ጠረጉ። "ስለ ገጠር ውበት ነው ጌታዬ። ስለ... ስለ ምንጩ ውሃ።"

ያኔ ነው ሰይድ ከሞጣዎች ወንበር የተነሣው። ተራው የእሱ ነበር፤ ከተማን ሊያወድስ፣ የኔን ንግግር ሊያፈርስ። በአማርኛ ጀመረ።

"ይቅርታ ጌቶች። ስለ ውሃ መናገሯ እውነት ነው። ያለችው ግን እንደሱ አይደለም።"

ሰይድ እኔ የተናገርኩትን ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር፣ ምንም ሳይጨምር፣ ምንም ሳይቀንስ፣ በጠራ አማርኛ መለሰው። እናቷ ትጠጣለች። ሊያስተምራት የተሾመው ይጠጣዋል። ስሟ ይታይሽ ነው። ሼምፉል ያለችው አሳፋሪ ማለት ነው። ዲስግሬስፉል ያለችው ውርደት ነው። አውትሬጅየስ ያለችው ከልክ ያለፈ በደል ነው። ከዚያ ቆመ። ዞሮ አየኝ።

"የመጨረሻዋን አላውቃትም። ምን ልበላት?"

ሕዝቡ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አባቴም ዞሩ። እንግሊዝኛዬ አለቀ፤ የምሸሸግበት "ዩ" አልነበረም።

"ነውር" አልኩ። አልተሰማም። "ነውር በለው!" ብዬ ጮህኩ።

ቃሏ ከግድግዳ ግድግዳ ሄደች። ከዚያ ከኋላ፣ ከሴቶቹ መካከል፣ መቀነቷን ያጠበቀች አንዲት እናት ተነሥታ "የኔም ልጅ ቀድታለች!" አለች። ከወዲያ ሌላዋ "የኔም!" አለች። ደግሞ ሌላዋ። አዳራሹ እንደ ገበያ ፈላ! አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን መሬት እየመቱ "ዝም በሉ፣ ዝም በሉ" ይላሉ፤ ከሁሉ የሚበልጠው የሳቸው ድምፅ ነበር። የክብር እንግዳው ከተቀመጡበት ተነሡ።

"ይታይሽ የምትባለው ልጅ የት ናት?"

"አገሯ ገብታለች" አልኩ።

"ትምጣ" አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ክርክሩ በዚያው ተበተነ፤ ዳኞቹም ውጤት አልተናገሩም።

በማግስቱ ሚስተር ቶማስና እኔ ስብሰባ ላይ ቀረብን። ከአስተማሪዎቹ አንዱ ሚስተር ቶማስን፣ "ይህን ያስተማሯት እርስዎ ነዎት?" ብለው ጠየቋቸው። ሚስተር ቶማስ ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው በዝግታ መለሱ። "ቃላቱን እኔ አስተምሬያታለሁ። ዓረፍተ ነገሩ የራሷ ነው።" እኔ ላይ የተወሰነው ቅጣት የትምህርት ቤቱን አበባ ማጠጣት ነበር፤ እያፏጨሁ አጠጣሁ። ምክትል ዳይሬክተሩ ብዙም ሳይቆዩ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ። ውሃ መቅዳቱ ቀረ። ይታይሽ ደግሞ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከገበያተኛ ጋር፣ ልብሷን እንደቋጠረች፣ እየሳቀች ገባች። ወንድሟ ራሱ ነበር ያመጣት። ትልቅ ሰው ከማርቆስ ድረስ እህትህን ጠራት ሲሉት ኮርቶ ለገበያተኛው ሁሉ ሲያወራ ዋለ።

ከአዳራሹ ወጥተን ከአባቴ ጋር ወደ ቤት ስንሄድ ያወራነውን አልረሳውም። ከፊቴ ከፊቴ ይራመዳሉ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ፈርቻለሁ።

"ያ እንግሊዝኛ የምትሉት" አሉ በመጨረሻ፣ "ሰም የለውም?"

"ለወቀሳው የለውም አባባ።"

"ወርቁን እንዲያው ራቁቱን?"

"እንዲያው ራቁቱን።"

ቆም ብለው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። "የእብድ ቋንቋ ነው" አሉ። ጥቂት ተራመዱና ደግሞ፣ "እስቲ ያችን ልጁ ከልክ ያለፈ በደል ብሎ የመለሳትን በይልኝ።" አውትሬጅየስ አልኳቸው። እስከ ደጃችን ድረስ ለብቻቸው ሲለማመዷት ሰማኋቸው።

ይህን ሁሉ ሻይ ቤቱ ውስጥ ከሰይድ ጋር እየተቀባበልን አወራነው። እኔ የማላውቀውን እሱ ጨመረልኝ። ለካ እሱም ተቀጥቷል! በጭነት መኪናው ላይ እየተመለሱ አስተማሪው፣ "ተከራካሪ ብዬ ነው ያመጣሁህ፣ አስተርጓሚ?" ብለው እስከ ሞጣ ድረስ ሲወርዱበት ሄዱ። ዓመቱን ሙሉ ጓደኞቹ "የቢቸና ጠበቃ" ይሉት ነበር። የአባቱን ሱቅ ወርሶ፣ ጨርቁን ወደ መኪና መለዋወጫ ቀይሮ፣ ልጆች አሳድጎ፣ አሁን የልጅ ልጆች አሉት።

"ግን ለምን ተነሣህ?" አልኩት። "ያንን ሁልጊዜ ልጠይቅህ እፈልግ ነበር።"

የሻይ ብርጭቆውን አዞረ። "ምክትሉ ስለ ምንጭ ውሃ ነው ሲሉ ሳቄ መጣ መጀመሪያ። ኋላ ግን ስሟን ስትጠሪ እጅሽ ሲንቀጠቀጥ አይቼ ነበር። ይህን ያህል የተንቀጠቀጠችበት ነገር ተጨብጭቦበት ሊቀር ነው ወይ አልኩ።" ከዚያ ቀና አለ። "ልጅቷስ? መጣች ወይ? እኔ እኮ መጨረሻውን አላወቅሁም።"

አላወቀም! ይህን ሁሉ ዘመን አላወቀም! የማደርገውን አጣሁ። ስልኬን አወጣሁ። ይታይሽ ነርስ ሆና፣ አዋላጅ ሆና፣ በየአገሩ ስትሠራ ኖራ፣ ጡረታ ወጥታ መርጡለ ማርያም ገብታለች። አንድ ጊዜ ሞጣ መጥታ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰይድ ብላ አፈላልጋ፣ ሌላ ሰይድ ቤት ወስደዋት፣ የማታውቀው ሰው ምሳ ጋብዞ ሸኝቷታል።

"ይታይሽ" አልኳት፣ "ያንን የሞጣ ልጅ አገኘሁት።"

"የቱን?"

"ያስተረጎመውን።"

በስልኩ ውስጥ ዕቃ ሲንኳኳ ሰማሁ። "ሄሎ?" አልኩ።

"ይዘሽው ቆዪ" አለች። "እንዳይሄድብሽ።"

"የት ይሄዳል ይታይሽ፣ አገሩ ነው እኮ።"

"ይዘሽው ቆዪ አልኩሽ እኮ ጥሩሰው!" ብላ ዘጋችው።

ያን ዕለት እዚያው ሞጣ ከእህቴ ልጅ ቤት አደርኩ። በማግስቱ ገና ፀሐይ ሳትሞቅ እኔና ሰይድ መናኸሪያው ተገኘን። እሱ አዲስ ኮት ለብሷል፣ ጢሙን ተስተካክሏል፤ ቆቡን አሥር ጊዜ ያስተካክላል። "ምን ልበላት?" ይለኛል። "እኔ እንጃ" እለዋለሁ። የመርጡለ ማርያሙ ሚኒባስ አቧራውን እያቦነነ ገባ። ይታይሽ ነጠላዋን አመሳቅላ፣ በሩን ተደግፋ፣ በእግሯ መሬቱን እየፈለገች ወረደች። እጆቼን ዘርግቼ ሄድኩ። ሰላም ሳትለኝ አለፈችኝ! እኔን፣ የዕድሜ ልክ ጓደኛዋን፣ እንደ መብራት ምሰሶ አለፈችኝ። ሰይድ ፊት ሄዳ ቆመች።

"አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ" አለ።

"ይታይሽ ነኝ።"

"መልክሽን አላውቀውም ነበር" አለ ሰይድ ድምፁ እየተሰበረ። "ስምሽን ግን ጠርቼዋለሁ።"

"መንገዱን ሁሉ ምን እንደምልህ ሳሰናዳ ነበር የመጣሁት። አንዱም የለም፤ ጠፋብኝ።" ይህን ብላ ሁለት እጁን በሁለት እጇ ያዘች። አልሳመችውም፣ አላለቀሰችም። ያዘችው፣ ብቻ። ስንት ሕፃን ከእናቱ ማሕፀን የተቀበሉት እነዚያ እጆች የሰይድን እጆች ይዘው እንደሚያሞቁ ሆኑ። እሱም አላስለቀቀም። እኔ አጠገባቸው ቆሜ አንዴ እሷን አንዴ እሱን እያየሁ እስቃለሁ፣ እንባዬን በነጠላዬ ጫፍ እጠርጋለሁ፣ ደግሞ እስቃለሁ። ከኋላችን የአውቶቡሱ ረዳት በሩን እየደበደበ "ቢቸና! ቢቸና! የቀረ የለም፣ ቢቸና!" እያለ ይጣራል። ማናችንም አልዞርንም።